ጌሜ ተሸጧል፣ ባንኬ ግን ባዶ ነው፤ እስከ አርብ 1,800 ዶላር ካልከፈልኩ ጌሙ ይወርዳል

ብቸኛ_ኮደር (ሰኞ 14፣ ከምሽቱ 4፡10)

እርዱኝ፣ ቸኩያለሁ። ጌሜ ከወጣ 11 ቀኑ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ 6,240 ዶላር ይላል። ባንክ ስገባ ግን ሰባራ ሳንቲም የለም። "ገንዘብ አውጣ" የሚል ቁልፍ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ሥዕሉን የሠራልኝ ልጅ 1,800 ዶላር ይቀረዋል። እስከ አርብ ካልከፈልከኝ የቅጂ መብት አቤቱታ አስገብቼ ጌሙን አስወርደዋለሁ ብሏል። ገንዘቡ እኮ አለ! ለምንድን ነው የያዙብኝ? ዛሬ ማታውኑ መልስ ያለው ሰው ካለ።

ባግ_አዳኝ (4፡16)

የዳሽቦርድ ብር ጌም ውስጥ እንደምንሰበስበው ወርቅ ነው። ሲያብረቀርቅ ያምራል። ይዘኸው ሱቅ ስትሄድ ግን ማንም አይቀበልህም።

ይቅርታ፣ ቁም ነገሩን ሌሎች ይነግሩሃል።

ሽያጭ_በሽያጭ (4፡19)

50 በመቶ ቅናሽ አድርግ። ገበያው ይጦፋል። ጨርሰናል።

ብቸኛ_ኮደር (4፡21)

ቅናሽ ካደረግኩ ገንዘቡ ቶሎ ይገባል?

የቀድሞ_ስቱዲዮ (4፡34)

በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም፣ ቆጣ ብል አትቀየመኝ። ይሄ ችግር በዚህ ሳምንት የተፈጠረ አይደለም። ሥራህን የለቀቅክ ቀን ነው የተፈጠረው። ጌም ጨርሶ ማውጣት አንድ ነገር ነው። ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ሳይበደሩ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ ሲያማክረኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ጌምህ አንድም ኮፒ ባይሸጥ ስንት ወር ትኖራለህ? "አይታወቅም፣ ግን ይሸጣል" ካለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

በ2024 (በፈረንጆቹ) ብቻ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫ መድረክ) ላይ ከ18,000 በላይ ጌም ወጥቷል። በቀን ወደ 50 ማለት ነው። ያንተም እንዲህ ያለ አንድ ቀን ከሌሎች ጋር ተካፍሎ ነው የወጣው።

ሁሉም ሰው ስታርዲው ቫሊን ይጠቅሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት ሚሊዮኖች ገዙት ይባላል። እውነት ነው። ግን ኤሪክ ባሮን አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሠራው ቲያትር ቤት ውስጥ በትርፍ ሰዓት ተመልካች ያስቀምጥ ነበር። የፍቅር ጓደኛውም በኑሮ ትደግፈው ነበር። ጌሙ የወጣው በ2016 (በፈረንጆቹ) ነው። ስለ ሚሊዮኑ የማያወራ የለም። ስለዚያ የቲያትር ቤት ሥራ ማን ያወራል?

ባግ_አዳኝ (4፡37)

ጋሼ፣ ልጁ አርብ ነው ያለው። እኛ 2016 ላይ ነን።

ብቸኛ_ኮደር (4፡38)

ሥራ መልቀቄን ማን ነገረህ?

ለቅቄያለሁ። ግን ማን ነገረህ?

ሰንጠረዥ_ወዳጅ (4፡52)

የት እንደምትሸጥ አልነገርከንም። ስቲም ነው ብዬ ልጀምር፣ ካልሆነ ታርመኛለህ።

"ያዙብኝ" የምትለውን ተዋት። ማንም አልያዘብህም። ክፍያ የሚታሰበው በወር በወር ነው። የአንድ ወር ሽያጭ ወሩ ካለቀ 30 ቀን ገደማ ቆይቶ ይላካል። ጌምህ በ3 ወጣ፣ ዛሬ 14 ነው። ስለዚህ ብሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። አንድ ወር ተኩል ጠብቅ። ቁልፉን ያጣኸው ስለሌለ ነው። ድጋፍ ክፍሉን መቶ ጊዜ ብትለምነው ይህን አይቀይረውም።

የሚከተለው አያስደስትህም። 6,240 ያንተ ብር አይደለም። ጥቅል ሽያጭ ነው። ገዢ በገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ጌምህ ገና 11 ቀኑ ነው። ከገዢዎችህ ውስጥ 14 ቀን የሞላው አንድም የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ገና ይንቀሳቀሳል።

በግምት እንሂድ። ተመላሹ 620 ይሁን፣ 5,620 ይቀራል። በየአገሩ ዋጋው ውስጥ የተካተተው ቫት 500 ይሁን፣ 5,120። ከዚህ ላይ መድረኩ 30 በመቶ ይወስዳል፣ 3,584። አገርህ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌላት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ድርሻህ 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል። ከሽያጭህ 35 በመቶው እዚያ ነው ብንል 376 ሄደ። እጅህ የሚገባው 3,200 አካባቢ ነው።

አንድ ትንሽ የምሥራች አለች። ጌሙን ለማስገባት የከፈልካት 100 ዶላር፣ ሽያጭህ 1,000 ስላለፈ፣ ትመለስልሃለች።

ብቸኛ_ኮደር (4፡58)

3,200???

ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት።

እሺ። አዎ፣ ስቲም ነው፣ ግልጽ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት። እንግዲያው ሌላ መንገድ አለኝ። አንድ ድርጅት ኢሜይል ልኮልኛል። 2,000 ዶላር ነገውኑ ይልካሉ። የዓመቱን 30 በመቶ ነው የሚፈልጉት። ውሉ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ፈርሜ ልተኛ።

ሁለት_ጌም_ያወጣ (5፡03)

ሳትፈርም ተኛ።

የየትኛው ገቢ 30 በመቶ ነው? ቃሉን እንዳለ ገልብጠህ ጻፍልን።

ብቸኛ_ኮደር (5፡06)

"ከጌሙ ጥቅል ሽያጭ 30 በመቶ፣ ለ12 ወራት" ይላል።

ሁለት_ጌም_ያወጣ (5፡19)

በቃ፣ መልሱ እዚህ ነው። የ6,240 30 በመቶ 1,872 ነው። እጅህ የሚገባው ግን 3,200 ብቻ መሆኑን አሁን አየን። 1,872ን ስትቀንስ 1,328 ይቀርሃል። ስሙ 30 በመቶ ነው፣ ሲቆጠር ግን ወደ 60 ይጠጋል። መድረኩም፣ ቫቱም፣ ተመላሹም የሚቀነሰው ካንተ ድርሻ ነው። እነሱ ከላይ ከላይ ይበላሉ።

ደግሞ ጣሪያ አለው ወይ? 2,000ውን ካገኙ በኋላ ያቆማሉ ወይስ ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላሉ? ጌሙ በስድስተኛው ወር በአጋጣሚ አንድ ታዋቂ ሰው ቢጫወተውና ሽያጩ ቢዘል ዝላዩንም ይካፈላሉ። አንድ ወር ተኩል ለመሻገር ብለህ የዓመት ጌታ እየቀጠርክ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጌሜ እንዲህ ያለ ነገር ፈርሜያለሁ። ስማቸውን አልጠራም። ቀጣዩን ጌም መጀመሪያ ለነሱ ማሳየት አለብህ የሚል አንቀጽ ነበረው። አላነበብኩትም። ሁለተኛውን ጌሜን ለሌላ ሰው ለማሳየት አራት ወር መልሳቸውን ጠበቅኩ። ያኔ የደረስኩበት ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም። ሁለት ገጽ ነው ብለህ አትናቀው።

ከመድረኩ ወርሃዊ ክፍያ ላይ የሚሰጥ ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ጣሪያ ያለው፣ ከተጣራው ላይ የሚታሰብ፣ ተከፍሎ የሚያልቅ ከሆነ ይታያል። ይሄኛው አንዱንም አያሟላም።

ሽያጭ_በሽያጭ (5፡22)

ያን ሁሉ ከምትጽፉ 50 በመቶ ቅናሽ። ዊሽሊስት ያደረጉት (በኋላ ልግዛው ብለው የመዘገቡት) ሰዎች በሙሉ ኢሜይል ይደርሳቸዋል።

ሁለት_ጌም_ያወጣ (5፡25)

ኢሜይሉ በ20 በመቶም ይሄዳል፣ 50 ለምን? ልጁ ጌሙ ሲወጣ የማስጀመሪያ ቅናሽ አድርጎ ከነበረ ደግሞ ያ ካለቀ በኋላ 30 ቀን ሌላ ቅናሽ አይፈቀድለትም። ቢፈቀድለትስ? ያ ብር የሚመጣው ያው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። ለአርብ አይደርስም።

@ብቸኛ_ኮደር አድርገህ ነበር?

ብቸኛ_ኮደር (5፡26)

አዎ፣ 10 በመቶ። ከ12.99 ላይ።

ሞተር_ቀያሪ (5፡31)

በምን ሞተር (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው የሠራኸው? ዩኒቲ ከሆነ ለእያንዳንዱ ማውረድ ክፍያ አለብህ፣ ተጠንቀቅ።

ሰንጠረዥ_ወዳጅ (5፡34)

ያንን በመስከረም 2023 (በፈረንጆቹ) አስታውቀው በ2024 ሰርዘውታል። ሳይሰረዝም በነጻው ፈቃድ ላይ ላለ ሰው 200,000 ዶላር ገቢና 200,000 ጭነት ሳይሞላ አይነካውም ነበር። የዚህ ልጅ ችግር ሞተር አይደለም።

ሞተር_ቀያሪ (5፡35)

እኔ ግን ጎዶት የሚባለውን ሞተር እላለሁ። ነጻ ነው።

ባግ_አዳኝ (5፡36)

ሁለት ዓመት የሠራውን ጌም እስከ አርብ በጎዶት ይጻፈው? ይሞከራል።

ብሩሽና_ፒክስል (5፡48)

እኔ በሌላው ወገን ያለሁ ነኝ። ለጌም ሥዕል እየሠራሁ ነው የምኖረው። እስካሁን ሁላችሁም ሥዕሉን የሠራውን ልጅ ጎርፍ ወይ እሳት አስመስላችሁ ነው የምታወሩት። ሰው ነው። እሱም የሚከፍለው ይኖረዋል።

@ብቸኛ_ኮደር ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ውል አላችሁ? የሥዕሉ መብት መቼ ወደ አንተ ይዞራል ይላል? ቀጠሮ ስንት ጊዜ አሳልፈህበታል?

ብቸኛ_ኮደር (5፡55)

ውሉ በቻት ነው። "ሲወጣ ወዲያው እከፍልሃለሁ" ብዬዋለሁ። ስለ መብት አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ አሳልፌዋለሁ።

እሺ፣ ሁለት ጊዜ።

ባግ_አዳኝ (5፡56)

አሃ።

ብሩሽና_ፒክስል (6፡14)

አሃ ነው እንጂ።

እንግዲያው ልጁ ያስፈራራህ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሦስተኛ ቀጠሮ እየመጣ ስለመሰለው ነው። መብቱን የሚያስተላልፍ ጽሑፍ ከሌላችሁ ደግሞ፣ በብዙ አገር ሕግ ሥዕሉ የሠሪው ነው። አቤቱታው ጌሙን በእርግጥ ሊያስወርድ ይችላል። ስለዚህ አትከራከረው። "ጌሙ ከወረደ አንተም አታገኝም" እንዳትለው። እሱም ያውቀዋል። እንደዚያ ያሉኝን ሰዎች እስካሁን አልረሳኋቸውም።

እኔ ብሆን ምን ያበርደኛል? መጀመሪያ ደውል። ድምፅህን ይስማ። ከዚያ የሽያጩን ገጽ ሙሉውን ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ ምንም ሳትቆርጥ። የክፍያው ቀን የተጻፈበትን ገጽም ላክ። ዛሬ ማታ እጅህ ላይ ያለውን ላክለት፣ 200 ቢሆንም። ትንሽ ናት ብለህ አትፈር። ከመቶ ቃል አንዲት ብር ትታመናለች። ቀሪውን ደግሞ በቀን ጻፈው። "ሲገባልኝ" ብለህ አትጻፍ፣ ቀኑን ጥቀስ። ከመድረኩ መክፈያ ቀን ላይ ሳምንት ጨምረህ ነው መጻፍ ያለብህ፣ ባንክ ያዘገያልና።

መልእክቱን እንዴት ልጀምር ካልክ እንዲህ በል፦

"ሁለት ጊዜ ቃሌን አጥፌብሃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ገንዘቡ ገና አልገባልኝም፤ የሚገባበትን ቀን የሚያሳየው ገጽ ይኸው። ዛሬ ይህን ያህል ልኬልሃለሁ። ቀሪውን ከዚህ ቀን በፊት እከፍላለሁ። ስላዘገየሁህ 150 እጨምራለሁ። ከተስማማህ መብቱ ሙሉው ክፍያ ሲደርስህ ወደ እኔ ይዞራል ብለን ሁለታችንም እንፈርም።"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሱም ላንተም ናት። እስኪከፈለው ሥዕሉ የሱ መሆኑን ታምንለታለህ። አንተም ከከፈልክ በኋላ ዳግም የሚነሳ ነገር አይኖርብህም። 150ዋ ከብድሩ በስንት እጅ ትረክሳለች።

የቀድሞ_ስቱዲዮ (6፡20)

ሠዓሊዋ ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን አሁንም ሥራ መልቀቅ አልነበረበትም ባይ ነኝ።

ባለ_አንድ_ክንፍ (6፡27)

ኪክስታርተር (ከብዙ ሰው ገንዘብ መሰብሰቢያ ድረ ገጽ) ላይ ለምን አይሞክርም?

ሰንጠረዥ_ወዳጅ (6፡31)

የወጣ ጌም ላይ? ኪክስታርተር ግቡ ካልሞላ ምንም አይሰጥም፣ ከሞላም 5 በመቶና የካርድ ክፍያ ይቆርጣል፣ ዘመቻው እስኪያልቅ ሳምንታት አሉ፣ ከዚያ በኋላም ብሩ እስኪመጣ ይጠበቃል። ገና ያልተሠራ ጌም ላለው ሰው ጥሩ ነው። አርብ ላለበት ሰው አይሆንም።

ባለ_አንድ_ክንፍ (6፡33)

ሌላ መሸጫ መድረክስ? ኢች ላይስ? ኤፒክስ?

ሁለት_ጌም_ያወጣ (6፡40)

ኢች ላይ ድርሻቸውን አንተ ነህ የምትወስነው፣ ካልነካኸው 10 በመቶ ነው። ኤፒክ 12 በመቶ ነበር፣ ከሰኔ 2025 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ደግሞ አንድ ጌም በዓመት ከሚያስገባው የመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ላይ ምንም አይወስዱም። ያማልላል። ግን የምንም 100 በመቶ ምንም ነው። ሁለተኛው ጌሜ ኢች ላይ ሰባት ሰው ገዛው፣ አንዱ እናቴ ናት። በኋላ ጨምርበት፣ አይጎዳህም። የዚህ ሳምንት መድኃኒት ግን አይደለም።

ለዚህ ሳምንት የሚሆነው አሰልቺው ነገር ነው። የሰው ጌም ባግ (የኮድ ስህተት) በክፍያ አስተካክል። በየቡድኑ "ከእንዲህ ዓይነት ሞተር ጋር ሦስት ቀን የሚሠራ ሰው" ብለው የሚለጥፉ አሉ። የሠራኻቸው ሼደሮች (የምስል ውጤት ኮዶች) እና መሣሪያዎች ካሉ እነሱንም ሽጣቸው። እኔ ከጌሞቼ ይልቅ የሌላ ሰው ጌም ሜኑ እየሠራሁ ብዙ ኖሬያለሁ።

ግምገማ_ቆጣሪ (6፡46)

ከርዕስ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን ገጽህን አየሁት። ግምገማህ 8 ነው። 10 ሳይሞላ "አዎንታዊ" የሚለው ደረጃ አይወጣልህም። ለጓደኞችህ በነጻ በሰጠኸው ቁልፍ (የጌም ማስከፈቻ ኮድ) የሚጻፍ ግምገማ አይቆጠርም፣ እዚያው ከመድረኩ የገዛ ሰው ነው የሚቆጠረው። ሁለት ገዢ ይጻፍልህ። ዲስኮርድህ (የውይይት ቡድንህ) ላይ ያሉትን ጠይቃቸው፣ "ጥሩ ጻፉልኝ" ሳትል "ያያችሁትን ጻፉ" በል። አሁን ያለህ ትልቁ ንብረት ይሄ ነው፣ ለሚቀጥለው ቅናሽም ይጠቅምሃል።

ሽያጭ_በሽያጭ (6፡48)

ቅናሽ ተባለ! አልኳችሁ እኮ።

ብቸኛ_ኮደር (ማክሰኞ 15፣ ከጠዋቱ 3፡05)

አልፈረምኩም። ኢሜይላቸው ሌሊት እንደገና መጥቷል፣ "ዕድሉ ዛሬ ያበቃል" ይላል። በዚህ ብቻ እንኳ ጠረጠርኩ።

ለልጁ ደወልኩ፣ አላነሳም። መልእክቱን ላክሁለት፣ ከሠዓሊዋ ትንሽ ቀይሬ። ሁለተኛ ስክሪኔን ጎረቤቴ ወስዶልኛል፣ በእሱ 240 ላክሁ። አንብቦታል። መልስ የለም። ሆዴ ተረብሿል።

ብሩሽና_ፒክስል (3፡11)

ተወው፣ ይብሰልበት። አንብቦ ዝም ማለት እምቢታ አይደለም። ደግመህ አትጻፍለት። እስከ ማታ ጠብቅ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ (3፡40)

እስካሁን ሳነብ ማንም ያላነሳውን ልጨምር። ክፍያ መቀበያ ላይ ያስገባኸው ስምና ባንክህ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ ነው ወይ? የኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ቦታ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ቦታ በአንድ ኤስ ነበር። ብሩ ተልኮ ባንኬ ደርሶ ተመለሰ። እንደተመለሰ ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ማንም አልደወለልኝም። ስሙን አስተካክዬ ከሚቀጥለው ወር ክፍያ ጋር ነው የገባልኝ። ለሰው ቀን ቆርጠህ ከመጻፍህ በፊት ይህን እይ። የመጀመሪያ ክፍያ ላይ ነው ይሄ የሚወጣው፣ ያንተም የመጀመሪያህ ነው።

የባንክህን መለያ ኮድም ከባንኩ ደብዳቤ ላይ ቅዳው፣ ከኢንተርኔት አትፈልገው።

ብቸኛ_ኮደር (3፡52)

ቆይ ልይ።

ብቸኛ_ኮደር (4፡01)

ኧረ ጉድ። አንድ ፊደል ይለያል። ግብር ፎርሙ ላይ እንደ ፓስፖርቴ ነው፣ ባንኩ ላይ ሌላ ነው። የቱን ነው የማስተካክለው? ባንኩን ወይስ መድረኩን? መድረኩ ላይ ብቀይረው የግብር ፎርሙን እንደገና ይጠይቀኛል?

ዝም_ብሎ_አንባቢ (4፡09)

ፓስፖርትህን ይዘህ ባንክ ሂድ። ባንኩን ከፓስፖርቱ ጋር አስማማ፣ ፎርሙን አትንካው። እኔ በተቃራኒው አድርጌ ነው ወር ያባከንኩት።

ብቸኛ_ኮደር (4፡10)

እየሄድኩ ነው።

ባግ_አዳኝ (ቅዳሜ 19፣ ከቀኑ 7፡30)

አርብ አለፈ። ጌሙ አሁንም ገጹ ላይ አለ፣ አሁን አየሁት። ልጁ ተስማማ ማለት ነው?

ግምገማ_ቆጣሪ (7፡44)

ግምገማው 11 ሆኗል። ደረጃው ወጥቶለታል።

ብሩሽና_ፒክስል (9፡02)

@ብቸኛ_ኮደር ሥዕሉን የሠራው ልጅ ስም ጌሙ መጨረሻ ላይ አለ ወይ? ገዝቼው ጨረስኩት፣ አላየሁም። ከሌለ ነገ ዛሬ ሳትል ጨምርለት፣ ያ ብር አያስወጣህም።

አዲስ_ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ፣ አሮጌ ጥያቄ ቀሰቀስኩ። የኔም ስም በአንድ ፊደል ይለያል፣ ግን ባንኬ የፓስፖርቱን አልቀበልም፣ በመታወቂያህ ነው የምንመዘግበው አለኝ። @ብቸኛ_ኮደር ያንተ በምን አለቀ? የኔ ጌም የሚወጣው ሐሙስ ነው።